ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ማደር፦ ጭማሪው የሚያዋጣው የትኛው ክፍል ነው?

ሐዋሳ ሐይቅ ሲመሽ አይታይም። ከተማው ከሐይቁ በስተምሥራቅ ስለሆነ ፀሐይ የምትጠልቀው በውሃው ላይ ነው፤ እንደ ወሩ ከ12:05 እስከ 12:45 ገደማ ባለው ጊዜ። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ውሃው ድፍን ጨለማ ይሆናል፤ ማዶ ላይ ከሚብለጨለጩ ጥቂት መብራቶች በቀር ከበረንዳ የሚታይ ነገር አይቀርም። ስለዚህ ለሐይቅ እይታ ጨምሮ የሚከፍል ሰው የሚገዛው ከንጋት እስከ ምሽት ያለውን ሰዓት ብቻ ነው። ያንን ሰዓት ስብሰባ አዳራሽ ውስጥ የሚያሳልፍ፣ ወይም ወንዶ ገነት ፍል ውሃ ውሎ ማታ የሚመለስ እንግዳ ጭማሪውን የሚከፍለው ለመጋረጃ ነው።

ክፍያው የሚያዋጣው ግቢ ውስጥ ለሚውል ሰው ነው። ትንንሽ ልጆች ይዞ የመጣ ቤተሰብ፣ ጫጉላ ላይ ያሉ ሙሽሮች፣ ካሜራ ይዞ ወፍ የሚጠብቅ ሰው፣ ወይም መጽሐፍ ይዞ ዛፍ ሥር መቀመጥ የሚፈልግ ቢከፍል አይቆጨውም። ለሌላው መሀል ከተማ ፒያሳ አካባቢ ንጹሕ ክፍል ይዞ ሐይቁን ቀን ቀን ሄዶ ማየት ይሻለዋል። በዋጋው ልዩነት ሁለት ሰው ጥሩ የዓሣ ምሳ ይበላበታል።

ዳርቻውን ከሰሜን ወደ ደቡብ እንየው። ከሻሸመኔ ሲመጡ በከተማው መግቢያ በኩል ኃይሌ ሪዞርት አለ። አትሌት ኃይሌ ገብረሥላሴ ዛሬ በተለያዩ ከተሞች ካሉት ሆቴሎች የመጀመሪያው ይኸው ሲሆን ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። በዚህ ጫፍ ማደር የሚመቸው ከግቢ መውጣት ለማያምረው እንግዳ ነው። ቦታው ሰፊ ነው፣ ውሃው ቅርብ ነው፣ የከተማው ጫጫታ አይደርስም። ጉዳቱም ከዚያው ይመጣል፦ ማታ ፒያሳ ወጥቶ ማኪያቶ መጠጣት ወይም ክትፎ መብላት የሚወድ ሰው ለመሄድም ለመመለስም ባጃጅ መያዝ አለበት። ሲመሽ ደግሞ ባጃጁ በሰው መጫኑን ትቶ «ኮንትራት» ይላል። የግቢውን በር ጥበቃ የሚያውቃቸውን ሾፌሮች ጠይቆ ስልካቸውን ቀን ላይ መያዝ ይበጃል።

መሀሉ ፍቅር ሐይቅ የሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ነው። ከቅዱስ ገብርኤል አደባባይ በእግር ይደረሳል። የጀበና ቡና፣ የጀልባ ደላላ፣ ፎቶ አንሺ፣ ሎተሪ አዟሪ፣ ሁሉም እዚህ ነው። በዚህ አካባቢ ያሉ ሆቴሎች ጥሩ ጎናቸው መኪና አለማስፈለጉ ነው፤ ሐይቁም ከተማውም በእግር ነው። መጥፎ ጎናቸው ድምፅ ነው። ቅዳሜና እሑድ ማታ የሙዚቃው ጩኸት ከአንድ ቤት ብቻ አይመጣም፤ የጎረቤቱም የማዶውም ይደርሳል። ስለዚህ ስልክ ደውሎ «ሙዚቃ አላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም። ጥያቄው መሆን ያለበት «ክፍሉ ወደየትኛው መንገድ ነው የሚያየው? አጠገባችሁ ያለው ግሮሰሪ ወይም ላውንጅ ስንት ሰዓት ነው የሚዘጋው?» ነው። እንቅልፉ ቀላል የሆነ ሰው የሌሊቱን የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያና የንጋቱን አዛንም አስቦ ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ቤት ይምረጥ።

ወደ ደቡብ ሲዘልቁ አሞራ ገደልና ታቦር ተራራ ይመጣሉ። የዓሣው ገበያ እዚህ ነው፤ አባ ኮዳዎቹ የዓሣ ትርፍራፊ እየጠበቁ በሰው መካከል ይዘዋወራሉ። ቀን ላይ ንፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከውሃው ወደ የብስ ስለሚነፍስ ለገበያው በጣም የቀረበ ክፍል ከሰዓት በኋላ የዓሣ ሽታ ይገባዋል። ወደ ታቦር ሥር ከፍ ብለው የተሠሩት ቤቶች ግን በእኔ ግምት የከተማው ምርጥ እይታ ያላቸው ናቸው። ከከፍታ ሲታይ ሐይቁ ሙሉ ነው፤ ከታች ዳርቻው ላይ ቆሞ የሚታየው የፊቱ ብቻ ነው። ዋጋቸውም ከውሃው ዳር ካሉት ብዙ ጊዜ ያንሳል። ነገር ግን ዳገት ላይ የሚያድር ሰው ሁለት ነገር ይቀበል፦ የቧንቧው ግፊት እዚያ ድረስ የሚዳከምበት ጊዜ አለ፤ ሻንጣና አዛውንት ይዞ ደረጃ መውጣትም አለ።

አሁን ወደ ክፍሉ እንግባ፤ ገንዘብ በብዛት የሚባክነው እዚህ ነው። ሆቴሎች የሐይቅ እይታ ብለው በአንድ ዋጋ የሚሸጧቸው ክፍሎች እኩል አይደሉም። አንዱ አልጋ ላይ ተቀምጦ ውሃው የሚታይበት ነው። ሌላው በረንዳ ወጥቶ አንገት ጠምዝዞ የሚታይበት ነው። ሦስተኛው በዛፍ ቅጠል መሀል ውሃው ብልጭ የሚልበት ነው። በስልክ የክፍሉን ቁጥር ጠይቁና ከክፍሉ በር ጀምሮ እስከ በረንዳው ሳይቆራረጥ የተቀረጸ አጭር ቪዲዮ በቴሌግራም እንዲልኩላችሁ አድርጉ። ማስታወቂያው ላይ ያለው ፎቶ ከጣሪያ ላይ ወይም በድሮን የተነሣ ሊሆን ይችላል። ቪዲዮ ለመላክ የሚያመነታ ሪሴፕሽን መልሱን ሰጥቷችኋል።

ፎቅን በተመለከተ ሁለተኛና ሦስተኛ የተሻሉ ናቸው። ምክንያቱን ለማወቅ የሐይቁን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ሐዋሳ ሐይቅ መግቢያ እንጂ በገጸ ምድር መውጫ የለውም። ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፤ ከዚያ ወዲያ የሚሄድ ወንዝ የለም። ዝናቡ የበዛባቸው ዓመታት ሲደራረቡ መጠኑ ከፍ ይላል። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ውሃው ወደ ከተማው ገፍቶ ስለነበር በከተማው በኩል የውሃ መከላከያ ክምር ተሠራ። ከመከላከያው ጀርባ ያለ ምድር ቤት ክፍል ብዙ ጊዜ የሚያየው ክምሩንና አጥሩን ነው። ከዚህ በላይ ደግሞ እርጥበት አለ። ክፍሉን ስታዩ መጋረጃውን ገልጣችሁ የግድግዳውን የታችኛውን ጥግ፣ ቁም ሣጥኑንም ከፍታችሁ ሽታውን ፈትሹ። እስከ ጉልበት ከፍታ ብቻ አዲስ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ካያችሁ ከሥር የሚወጣ እርጥበት እየተሸፈነ ነው ማለት ነው። አስም ያለበት ሰው እዚያ አይደር። ከሦስተኛ ፎቅ በላይ ደግሞ የሊፍት ጉዳይ ይመጣል፤ መብራት ሲሄድ ሊፍቱ ጀነሬተር ላይ ካልታሰረ ደረጃው የእናንተ ነው።

የሐይቅ እይታ ክፍል ሁሉ ወደ ምዕራብ የሚያይ ነው። ይህ ማለት ከ8 ሰዓት ጀምሮ እስከ ጀንበር መጥለቂያ ፀሐይ በመስታወቱ ትገባለች። ሰፊ በረንዳ ይህን የሚከላከል ይመስላል፤ ግን የበረንዳ ጣሪያ የሚጋርደው ከላይ የምትመጣውን ፀሐይ ነው። ከ10 ሰዓት በኋላ ዝቅ ብላ ከፊት ስትመጣ ከጣሪያው ሥር ሾልካ እስከ አልጋው ትደርሳለች። ብሎኬቱና ኮንክሪቱ ቀኑን የጠጣውን ሙቀት ማታ ይተፋል፤ ስለዚህ ክፍሉ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ድረስ ይሞቃል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከሰዓት ስትወጡ ወፍራሙን መጋረጃ ዝጉ፣ ማታ መስኮቱን ከፍታችሁ አየር አዘዋውሩ። ለዚህም መስኮቱ ደህና የትንኝ ወንፊት ሊኖረው ይገባል። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ኤሲ የግድ አይደለም። የካቲትና መጋቢት ላይ ግን ወደ ምዕራብ በሚያይ ክፍል ውስጥ ቢያንስ ማራገቢያ ያስፈልጋል። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ በተቃራኒው ማታ በረንዳ ላይ ለመቀመጥ ሹራብ ወይም ጋቢ ያዙ።

የወንፊቱ ነገር ቀልድ አይደለም። የሐዋሳ ከፍታ ወባ ከሚገኝበት ክልል ውስጥ ነው፤ ከፍ የሚለውም ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ነው። በወንፊቱ ጠርዝ ላይ እጃችሁን አሳልፉበት፤ ብዙ ጊዜ የሚቀደደው መሀሉ ሳይሆን ከፍሬሙ ጋር የሚገናኝበት ጥግ ነው። አጎበር ካለ ቅርጹን እዩት። ከአንድ ነጥብ የሚንጠለጠለው ክብ አጎበር ለፎቶ ያምራል፣ ለሁለት ሰው አልጋ ግን ጠባብ ነው፤ ክንድ ወይም እግር ከመረቡ ጋር ሲነካካ ትንኟ በመረቡ ቀዳዳ ትነድፋለች። በአራት ጥግ የሚታሰረውና ጫፉ ከፍራሹ ሥር የሚወተፈው ይሻላል። ሆቴሉ ከሌለው ከቤት ይዞ መምጣት አያሳፍርም። ሌላው ሐይቅ ዳር ሁሉ ያለ ጣጣ መብራት የሚስባቸው ጥቃቅን በራሪ ነፍሳት ናቸው። አይናደፉም፤ ግን የበረንዳ መብራት አብርቶ በር የከፈተ ሰው አንሶላው ላይ ያገኛቸዋል። ሲመሽ የበረንዳውን መብራት አጥፍቶ የውስጡን ብቻ መጠቀም፣ መጋረጃውንም ቀድሞ መዝጋት ይበቃል። ከተመለሳችሁ ከሳምንት በኋላ ባለው ጊዜ ትኩሳት ከመጣ «ድካም ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ የት እንደነበራችሁ ተናግራችሁ የወባ ምርመራ አድርጉ። ቫይቫክስ የተባለው ዓይነት ከወራት በኋላም ይነሣል።

ስለ ውሃ የሚጠየቀው ጥያቄ «ሙቅ ውሃ አላችሁ?» ሲሆን መልሱም ሁሌ «አለ» ነው። ትክክለኛው ጥያቄ ቦይለሩ ስንት ሊትር ነው የሚለው ነው። 50 ሊትር የሚይዝና 1,500 ዋት የሚስብ ቦይለር ውሃውን ከ20 ዲግሪ ወደ 60 ለማድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል። ያ ውሃ ከቀዝቃዛው ጋር ሲደባለቅ 100 ሊትር ያህል ለገላ የሚሆን ለብ ያለ ውሃ ይሰጣል። ሻወሩ በደቂቃ 8 ሊትር ቢያወርድ 12 ደቂቃ ነው፤ አራት ሰው ላለው ቤተሰብ በነፍስ ወከፍ ሦስት ደቂቃ ማለት ነው። 80 ሊትሩ 20 ደቂቃ ያህል ይሰጣል፤ ለመሞቅ ግን ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈልጋል። እንግዳው «ሙቅ ውሃ የለም» ብሎ የሚጣላው አብዛኛውን ጊዜ ማብሪያውን ከፍቶ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ስለሚገባ ነው። ክፍል እንደገባችሁ ማብሪያውን አብሩ፤ ማብሪያው ብዙ ጊዜ ከመታጠቢያ ቤቱ ውጭ በሩ አጠገብ ያለው ቀይ መብራት ያለበት ነው። መብራት የጠፋበት ጊዜ እንደማይቆጠርም አስቡ።

የከተማው ውሃ ሲጠፋ የሚያድነው ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ነው። ቁጥሩን ጠይቁ፤ ግቢ ውስጥ ቆሞ ቀና ብሎ መቁጠርም ይቻላል። 30 ክፍል ያለው ቤት ሁለት ባለ 5,000 ሊትር ሮቶ ብቻ ካለው ለአንድ ክፍል 330 ሊትር ገደማ ይደርሳል፤ ልብስ ማጠቢያውና ወጥ ቤቱ ከዚሁ ሲጠቀሙ አንድ ቀን በጭንቅ ነው። የራሱ ጉድጓድ ያለው ሆቴል ከዚህ ጭንቀት ነጻ ነው፤ ግን የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ የሚበዛበት ቦታ ብዙ ነው። ለሁለት ቀን እንግዳ ይህ አያሰጋም፤ ጥርስ የሚያበላሸው ለዓመታት በተለይም ልጅነት ላይ ሲጠጣ ነው። ማፍላት ግን ፍሎራይድን አያስወግድም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ይበዛበታል። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ቤተሰብ ለሕፃናት የታሸገ ውሃ ይያዝ።

ጀነሬተር ሁሉም አለው። የሚለያየው ምን እንደሚያንቀሳቅስና ከየትኛው ክፍል ሥር እንደተቀመጠ ነው። ብዙ ቦታ አምፖልና ሶኬት ይሠራል፤ ቦይለር፣ ኤሲና ሊፍት ግን ከጀነሬተሩ ውጭ ናቸው። ክፍል ስታዩ የጀነሬተሩን ቤት ጠይቃችሁ እዩትና ከሱ ተቃራኒ በኩል ያለ ክፍል ውሰዱ። የሐይቅ እይታ የሌለው የጓሮ ክፍል ርካሽ የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ማንም ግን አይነግራችሁም።

ዋይ ፋይ ላይ ብዙ ተስፋ አታድርጉ። የስልክ ዳታ ያዙ።

ሐይቁን በተመለከተ አንድ ነገር ጠንከር አድርጎ መናገር ያስፈልጋል፦ መዋኘት በገንዳ ነው፣ ሐይቁ ለማየት ነው። በሐዋሳ ሐይቅ ቢልሃርዝያ አለ፤ በዓሣ አጥማጆች ላይ በተደረጉ ጥናቶች ተገኝቷል። ተሸካሚዎቹ ቀንድ አውጣዎች የሚኖሩት ሣርና ቄጠማ ባለበት ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ነው፤ ልጆች እግራቸውን የሚነክሩት ደግሞ እዚያው ነው። ትሉ በጤነኛ ቆዳ በኩል ይገባል፤ መዋጥ አያስፈልግም። የገባ ሰው ቶሎ በፎጣ ራሱን ያድርቅ፤ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥም የሰገራ ምርመራ ያድርግ። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፤ ሐኪም ያዝዘዋል። ሌላው ጉማሬ ነው። ቀን ውሃ ውስጥ ነው፤ ማታ ሣር ለመጋጥ ይወጣል። መብራት በሌለው ዳርቻ ላይ ማታ ለወሬ መንሸራሸር የፍቅር ነገር ቢመስልም ሞኝነት ነው። ጥሩ ሆቴል ከሐይቁ በኩል አጥር፣ መብራትና የሌሊት ጥበቃ አለው። ሦስቱ መኖራቸውን ሲመሽ ሳይሆን ቀን ላይ እዩ።

ገንዳ ያላቸው ሆቴሎች የማያድር እንግዳንም በክፍያ ያስገባሉ። ቅዳሜና እሑድ የከተማው ሰው ስለሚመጣ ለአዳሪው ቦታ ይጠባል፤ ልጆችን ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ማስገባት ይሻላል። ገንዳው አይሞቅም፤ ጠዋት ይበርዳል። ጥልቀቱ በጠርዙ ላይ በሜትር ተጽፎ እንደሆነ፣ ዋና የሚጠብቅ ሰው መኖሩን፣ የልጆቹ ገንዳ ከትልቁ በአጥር መለየቱን ተመልከቱ። ወለሉ የማይታይ ደብዛዛ ውሃ ውስጥ ልጅ አታስገቡ፤ ሰምጦ የቀረ ልጅ አይታይበትም።

ጀልባ የሚያዘው ጠዋት ነው፤ ከ1 እስከ 3 ሰዓት። ከሰዓት ንፋሱ ይነሣል፣ ማዕበሉም ጀልባዋን ያናውጣታል፤ ልጅ ያለቅሳል፣ አዋቂም ያስመልሰዋል። ዋጋ ስትነጋገሩ በሰው ነው ወይስ በጀልባ፣ ለስንት ደቂቃ ነው፣ ጉማሬው ያለበት ድረስ ያደርሳል ወይ፣ እነዚህን ከመግባታችሁ በፊት ጨርሱ። ላይፍ ጃኬቱ ጀልባው ውስጥ መኖሩ አይበቃም፤ ማሰሪያው የሚሠራና ለልጁ መጠን የሚሆን ይሁን። ሆቴሉ የሚያዘጋጀው ጀልባ ከፍቅር ሐይቁ ይወደዳል። ጭማሪው የሚገባው ጃኬቱ የተሻለ ከሆነ ብቻ ነው።

ቁርስ በዋጋው ውስጥ መኖሩን ሁሉም ይጠይቃል፤ ለስንት ሰው የሚለውን ግን ይረሳል። ባለ ሁለት አልጋ ክፍል ይዞ ቁርሱ ለአንድ ሰው ብቻ የሆነበት ቤት አለ። ቡፌው የሚወጣው ስብሰባ ወይም ብዙ እንግዳ ሲኖር ነው፤ ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ክፍል ብቻ ተይዞ ከሆነ «ምን ልሥራላችሁ?» ይሏችኋል፤ ይህ ከቡፌው ይሻላል። ጨጨብሳው ትኩስ፣ እንቁላሉም በሰዓቱ ይመጣል። ዛፍ ባለበት ግቢ ውጭ የሚበላ ሰው ጦጣን ይጠንቀቅ። ዳቦ ብቻ አይደለም የምትወስደው፤ የስኳር ዕቃውን ከነክዳኑ ታነሣለች። ጉሬዛዎቹ ጨዋ ናቸው፤ ቅጠል በሊታ ስለሆኑ ጠረጴዛችሁ ላይ ጉዳይ የላቸውም። ከክፍል ስትወጡ የመስኮቱን ወንፊት ብቻ ሳይሆን መስታወቱንም ዝጉ።

ዓሣ ለመብላት ሆቴል ውስጥ መቀመጥ በእኔ እይታ ጥፋት ነው። አጥማጆቹ መረባቸውን ማታ ጥለው ንጋት ላይ ስለሚያወጡ አሞራ ገደል የሚደምቀው ጠዋት ነው። ከ4 ሰዓት በፊት የደረሰ ሰው ከጀልባ የወረደ ቆሮሶ (ቲላፒያ) ያገኛል። ዓይኑ ጎላ ብሎ የጠራ፣ ስንጥቡ ቀይ፣ ሥጋው በጣት ተጫን ሲሉት ተመልሶ የሚሞላ ይሁን። እዚያው ጥብሱ፣ ጉላሹ፣ ዱለቱ ከዳጣ ጋር ይቀርባል፤ ሾርባውን ሳይቀምሱ መሄድ ነውር ነው። ጥሬውንም የሚበላ አለ፤ በዚህ ላይ ግን አልመክርም፤ የሐይቅ ዓሣ ጥገኛ ትል ሊኖረው ይችላልና። አምባዛ የሚወደው ይወደዋል፣ ሥጋው ቅባት ስላለው ለጥብስ ሳይሆን ለወጥ ይሻላል። ሆቴሉ ጥቅም የሚሰጠው ማታ ላይ ነው፤ ገበያው ሲዘጋ። ያኔ ዓሣው ዛሬ የገባ ነው ወይስ ከፍሪዘር ብሎ አስተናጋጁን በግልጽ መጠየቅ ይቻላል፤ አብዛኞቹ እውነቱን ይናገራሉ።

ዋጋን ስንነጋገር የምንሰማው ቁጥር የመጨረሻው ላይሆን ይችላል። ክፍሉ 4,000 ብር ነው ከተባላችሁና ታክስ ያልጨመረ ከሆነ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ሲጨመር 4,400፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ሲሰላ 5,060 ይሆናል። ቫቱን ከዋናው ዋጋ ላይ ብቻ የሚያሰላው ቤት ደግሞ 5,000 ያስከፍላል። ለሁለት ሌሊት ቢያንስ የ2,000 ብር ልዩነት ነው። «ቫትና ሰርቪስ ገብቶበት ስንት ነው?» ብላችሁ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ለውጭ ዜጋ በዶላር የተለየ ዋጋ ያላቸው ቤቶች ስላሉ ከውጭ ዘመድ ይዛችሁ የምትመጡ ከሆነ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያው በአገሬው ዋጋ እንደሚያስተናግድ ቀድማችሁ ጠይቁ። ቀብድ ስትልኩ በቴሌብር ይሁን በባንክ፣ የሚልኩላችሁ ሒሳብ በድርጅቱ ስም መሆኑን አረጋግጡ። በሠራተኛ የግል ስልክ የተላከ ቀብድ ሠራተኛው ሲቀየር ማስረጃ የለውም።

ዋጋ የሚሰቀልባቸውን ቀናት ማወቅ ከመደራደር ይበልጣል። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የቅዱስ ገብርኤል ንግሥ ነው፤ ከመላ አገሪቱ ሰው ስለሚጎርፍ ክፍል አስቀድሞ ያልያዘ መኪናው ውስጥ ያድራል። የሲዳማው የዘመን መለወጫ ፊቼ ጨምበላላም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የተመዘገበ በዓል ሲሆን በጉዱማሌ በአደባባይ ይከበራል፤ ቀኑን አያንቶ የሚባሉት አዋቂዎች ጨረቃና ከዋክብትን አይተው ስለሚቆርጡ በየዓመቱ ይለዋወጣል። በዓሉን ለማየት የሚመጣ ሰው ቀኑ የሚለዋወጥበት ክፍል እንዲያዝለት ይስማማ። ጥምቀት፣ ፋሲካና የዩኒቨርሲቲው ምረቃም አሉ። ከእነዚህ ውጭ ከእሑድ ማታ እስከ ሐሙስ ያለው ጊዜ የእንግዳው ነው። ስብሰባ ያልያዘው ሆቴል ባዶ ስለሚሆን በዚያው ዋጋ ከፍ ያለ ክፍል ስጡኝ ማለት ዋጋ ቀንሱልኝ ከማለት በበለጠ ይሳካል፤ ሪሴፕሽኑ ዋጋ ለመቀነስ ሥልጣን ባይኖረውም ክፍል ለመቀየር አለው።

ክፍል መልቀቂያው በአብዛኛው 6 ሰዓት ነው። ወደ አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ከሞጆ በኩል ያለው የፍጥነት መንገድ ቢያሳጥረውም እሑድ ከሰዓት ሁሉም በአንድ ጊዜ ይነሣል። ቁርስ በልቶ 3 ሰዓት ላይ የወጣ በቀን ብርሃን ዘና ብሎ ይገባል። ዓሣ ይዞ የሚሄድ ካለ አሞራ ገደል ላይ ሆዱን አስጸድቶ ወይም ፊሌ አስደርጎ፣ በላስቲክ ጠቅልሎ በረዶ ሣጥን ውስጥ ይክተተው። በረዶው በክብደት ከዓሣው ጋር እኩል ይሁን፤ ለ5 ኪሎ ዓሣ 5 ኪሎ በረዶ። ከሥር አንድ ረድፍ በረዶ፣ ከላይም እንዲሁ፤ ዓሣው ከበረዶው ቀልጦ በሚጠራቀመው ውሃ ውስጥ እንዳይዘፈቅ ዝዋይ ወይም መቂ ላይ ስትቆሙ ውሃውን አፍስሱት።